የኮቢቶ መንገድ በክረምት

ኮቢቶ
ሐምሌ 2 ቀን 1992 ዓ.ም.

ወንድሜ እንድርያስ፣

ሰላምታ ልጽፍልህ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ሰረዝኩ። እንደምን ሰነበትክ ብዬ መጠየቅ አልቻልኩም። እግዚአብሔር ያጽናህ። ከዚህ በላይ ቃል የለኝም፤ ያለኝም የሚበቃ አይመስለኝም።

ደብዳቤህን በቅሎ ነጂው ተካ ትናንት ከሰዓት አደረሰኝ። የበቅሎዎቹን ጭነት እንኳ ሳያወርድ ነው ከብብቱ አውጥቶ የሰጠኝ። በትምህርት ቤቱ ጓሮ ቆሜ አነበብኩት። ሰሎሜ። ለጥምቀት እዚህ መጥታ ቢሮዬ ወንበር ላይ ወጥታ «አሁን ዳይሬክተሩ እኔ ነኝ፣ አንተ ውጣ» ያለችኝ ልጅ። በዘጠኝ ዓመቷ። ሰኔ ሃያ አንድ ቀን አርፋ በዚያው ቀን ተቀበረች የሚለውን ሳነብ፣ እናቷ ማናልሞሽ ከእኔ መቶ እርምጃ ያህል ርቃ፣ በክሊኒኩ በር ላይ የሌላ ሰው ልጅ ሚዛን ላይ አስቀምጣ ትመዝን ነበር።

ደብዳቤውን እንዳልከኝ አቃጠልኩት። ማናልሞሽ ጭሱ ሳይጠፋ መጣች።

«ከሚዛን ተፈሪ ምን መጣ?» አለችኝ።

«የፈተና ወረቀት።»

«ለእኔስ?»

«ላንቺ የለም።»

«ይሄ ወንድሜ የሚባል ሰው! ቆይ ብቻ፣ ክረምቱ ይውጣ» ብላ ስቃ ሄደች።

መርዶውን የንስሐ አባቷና ጎረቤቶቿ በንጋት ተሰብስበው ይንገሯት ወይ ብዬ ልጠይቅህ ነበር። አንተ ግን ቀድመህ መልሰሃል። «ከእኔ አፍ ትስማ፤ አደራዋን የተቀበልኩት እኔ ነኝ» ብለሃል። እሺ። እዚህ የሥጋ ዘመድ የላትም። ወንድሟ በሕይወት እያለ የልጇን ሞት ከባዕድ ብትሰማ እኔም አልወደውም። ግን ፍጠን። ይህች ሴት በቀን ሁለቴ ታገኘኛለች።

መንገዱ የተቆረጠው ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ ነው። ከቀርከሃው ጫካ ሥር ሁለት የጭነት መኪናዎች ሰጥመው ሾፌሮቹ ትተዋቸው ሄደዋል። የትልቁን ወንዝ የእንጨት ድልድይ ጎርፍ ወስዶታል። ሰው የሚሻገረው በሐረግ ድልድዩ ነው፤ ውሃ ሲሞላ እሱም አይታይም። በቅሎ ነጂዎች በላይኛው መልካ፣ ውሃው በሚሳሳበት መሻገሪያ፣ ዞረው ነው የሚመጡት። በእግርህ ና እንዳልልህ ያን የሚያነክስህን ጉልበት አውቀዋለሁ።

ስለዚህ ብስክሌቱ። ስትጠይቀኝ መጀመሪያ ተናደድኩ፤ የምትቀልድ መሰለኝ። ዛሬ ጠዋት ግን እስከ ወንዙ ወርጄ መንገዱን ብስክሌት እንደያዘ ሰው ሆኜ አየሁት። ይቻላል። ግማሹን እሱ ይሸከምሃል፤ ግማሹን አንተ ትሸከመዋለህ።

ካሣዬ


ሚዛን ተፈሪ
ሐምሌ 8 ቀን 1992 ዓ.ም.

ወንድሜ ካሣዬ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ስለ እኔ ብለህ ስለዋሸህ ይቅር በለኝ። ሌላም የምጠይቅህ ይቅርታ አለ፣ ግን በወረቀት አይሆንም።

ስለ ብስክሌቱ ልንገርህ፦ ጫካችንን ሊያጠና መጥቶ የነበረው ፈረንጅ ሲሄድ ለትምህርት ቤቱ የተወው ነው። ጎማው ወፍራምና ባለ ጥርስ ነው። ሃያ አንድ ማርሽ አለው ይባላል፤ የሚሠሩለት ሰባቱ ናቸው። ገበያው ጥግ ብስክሌት የሚጠግነው አሕመዲን ጋ ወሰድኩት። መጀመሪያ ያደረገው ሁለቱንም ፓራፋንጎ፣ የጭቃ መከላከያውን፣ መፍታት ነው። ጭቃው እዚያ ውስጥ ከተጠቀጠቀ ጎማው አይዞርም አለኝ። የጎማውንም ነፋስ ቀነስ አድርጌ እንድሄድ፣ ካቴናውን በየሰዓቱ በጨርቅ እየጠረግሁ ዘይት እንዳስነካው፣ ቁልቁለት ላይ የፊቱን ፍሬን ብቻዬን እንዳልይዝ መክሮኛል። «መምህር፣ እብድ እንኳ መስከረምን ይጠብቃል!» አለ። ወዴትና ለምን እንደምሄድ አልጠየቀኝም። ቀብሩ ላይ ነበር። ቀልዱ እንዳላለቅስ ነው መሰለኝ።

ያሰብኩት እንዲህ ነው። ከሚዛን ቴፒ በአንድ ቀን። እዚህ ዝናቡ ከሰባት ሰዓት በኋላ ነው የሚወርደው፤ በአሥራ ሁለት ሰዓት ከተነሳሁ ከቡና እርሻው በኋላ ያለውን ቁልቁለት ደረቅ ሳለ አልፈዋለሁ። ቴፒ አድራለሁ። በማግስቱ ዳገቱን ወደ ወንዙ። የማላውቀው ከዚያ ወዲያ ያለውን ነው። ቀይ አፈሩ ከየት ይጀምራል? ቀርከሃው ውስጥ መንገዱ ላይ ሥር አለ? ሥር ካለ እርጥብ ሲሆን ጎማ ይጥላል። ጭጋጉ ስንት ሰዓት ላይ ይገለጣል? የሐረግ ድልድዩ ስፋቱ ምን ያህል ነው? ብስክሌቱን በጀርባዬ ባዝለው መሪው ሐረጉን ይይዘው ይሆን? ከወንዙ እስከ ኮቢቶ ያለውን ዳገት ጤነኛ ሰው በስንት ሰዓት ይወጣዋል? አደራህን፣ ለእያንዳንዱ መልስልኝ። ሳላውቅ መነሳት አልፈልግም።

የፍሬን ጎማ ከጅማ አዝዣለሁ። የድሮው አልቋል። እሱ እንደመጣ እነሳለሁ።

እንዴት ሆነ ብለህ ታስብ ይሆናል፦ ወባ ነው። ራሷ ላይ ወጣባት። አሁን ከዚህ በላይ አትጠይቀኝ።

በደብተሮቿ መካከል ለእናቷ ጽፋ ያልላከችው ደብዳቤ አገኘሁ። አብሬ ልኬዋለሁ። ለማናልሞሽ ስጣት። እኔ እስክደርስ ታረጋጋታለች።

እንድርያስ


ኮቢቶ
ሐምሌ 14 ቀን 1992 ዓ.ም.

እንድርያስ፣

ምን አደረግን?

የልጅቱን ደብዳቤ ትናንት ሰጠኋት። ስንት ሳምንት ስትጠብቅ የነበረች ሴት ናት፤ እዚያው ክሊኒኩ ደጃፍ ላይ፣ ለመርፌ የተሰለፈው ሰው ፊት፣ ጮክ ብላ ታነብ ጀመር። ስለ ድመቷ ስታነብ ሳቀች። አንተ ሽሮ ታሳርራለህ የሚለው ላይ እማማ ወለተሥላሴም ሳቁ፤ የቤቷ ባለቤት ናቸው፣ እንደ ልጅ ነው የሚያዩዋት። ከዚያ ድምፅዋ ቆመ። ዓይኗ ወረቀቱ ላይ እንዳለ ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ። ደግማ አነበበችው። ከዚያ ለእኔ አሳየችኝ። እንዲህ ይላል፦ «ዛሬ ብርድ ብርድ ይለኛል። ራሴንም ያመኛል። ጋሼ ግን ጉንፋን ነው ብሎ ዝንጅብል አፍልቶልኛል።»

አንተ ሰውዬ፣ ይህን አንብበኸዋል? እህትህ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየቆላው ወባ ስታክም የኖረች ሴት ናት።

«ቀን አልጻፈችበትም» አለችኝ። «ይሄ መቼ የተጻፈ ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

«ካሣዬ፣ ዓይኔን እየኝ። ልጄ ታማለች?»

«ጉንፋን ነው ብላ የለም?»

«እሷ አይደለችም ያለችው፣ እሱ ነው! እሱ ጉንፋንና ወባ ለይቶ ያውቃል? ብርድ ብርድ ካላት ዛሬ ነገ ሳትል ያኔውኑ ውሰዳት ብዬው ነበር። አስምዬው ነው የሰጠሁት!»

ዛሬ ጠዋት ጓዟን አሰረች። የወባ ክኒን በላስቲክ ጠቅልላ ደረቷ ላይ አስራለች። ሰው ሳይተካሽ ክሊኒኩን ዘግተሽ ብትሄጂ ከሥራ ትባረሪያለሽ ብዬ አስፈራራኋት። አልፈራችም። ሁለት መውለጃቸው የደረሰ ሴቶች አሉ ስላት ነው የቆመችው። እስከ ቅዳሜ ሳምንት፣ ሐምሌ ሃያ ሁለት ድረስ ትጠብቃለች። ከዚያ ወንዙ ቢሞላም ባይሞላም እወርዳለሁ ብላለች።

ለጥያቄዎችህ መልስ፦ ቀዩ አፈር ከመኪናዎቹ በኋላ ይጀምራል። ሥር አለ። ጭጋጉ አንዳንድ ቀን ጭራሽ አይገለጥም። ድልድዩ ለአንድ ሰው ነው። የቀረውን አልመልስም። ስለ መንገዱ መጠየቅህን ተውና ና።

ካሣዬ


ሚዛን ተፈሪ
ሐምሌ 18 ቀን 1992 ዓ.ም.

ካሣዬ፣

አንብቤዋለሁ።

ፖስታውን ከመዝጋቴ በፊት ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። መስመሩን አይቼዋለሁ። ለምን እንደላክሁት ከትናንት ጀምሮ ራሴን እየጠየቅሁ ነው። እንድትረጋጋ አይደለም። አሁን ልዋሽህ አልችልም። ልጅቱ በራሷ እጅ እንድትነግርልኝ ይሆናል። እኔ ስደርስ ተነግሮ ያለቀ ነገር እንዲሆን።

እሑድ ነው የጀመራት። የዓመቱን ማጠቃለያ ፈተና አርም ነበር፤ ሰማንያ አራት ወረቀት። ሲበርዳት ጋቢዬን አለበስኳት። ሰኞ ጠዋት ተነስታ ተጫወተች። «አየሽ፣ ተሻለሽ» አልኳት። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ተኛች። ማክሰኞ ውሃ ስጠኝ ስትለኝ በስሜ ሳይሆን በእናቷ ስም ጠራችኝ። ያኔ ነው ተሸክሜያት የሮጥኩት። በዚህ ጉልበት ሮጥኩ። ሦስት ቀን። ማናልሞሽ የምትጠይቀኝ ይህንኑ ነው፤ ሌላ አይደለም። እንዴት ሞተች አይደለም የምትለኝ። እሑድ የት ነበርክ ነው የምትለኝ።

ሌላም ልንገርህ። የፍሬኑ ጎማ ከጅማ የመጣው ሐምሌ አሥር ቀን ነው። ብስክሌቱ ከዚያን ቀን ጀምሮ በረንዳዬ ላይ ቆሟል። አሕመዲን በደጄ ባለፈ ቁጥር ያየዋል፤ ትናንት ግን ቆመ።

«መምህር፣ ገና አልሄድክም?»

«ዝናቡ ትንሽ ጋብ ይበል።»

«የሚዛን ዝናብ?» አለኝ። «አንተ የምትጠብቀው ዝናብ አይደለም።»

ሐሙስ፣ ሐምሌ ሃያ፣ እነሳለሁ። ቢዘንብም እነሳለሁ።

እንድርያስ


ኮቢቶ
ሐምሌ 19 ቀን 1992 ዓ.ም.

እንድርያስ፣

ይህን ቴፒ ተካ በቅሎዎቹን የሚያስርበት ሻይ ቤት እንዲያኖሩልህ በአንድ የማር ነጋዴ ልኬዋለሁ። ለደብዳቤዬ መልስህ አልደረሰኝም። መነሳት አለመነሳትህን አላውቅም። እንደተነሳህ አድርጌ እጽፋለሁ፤ ሌላ አማራጭ የለኝም።

አንደኛዋ ሴት ወልዳለች። ወንድ ነው። ሁለተኛዋ ዛሬ ወይ ነገ ናት።

እማማ ወለተሥላሴ አውቀዋል። አልነገርኳቸውም፤ ከፊቴ ላይ ነው ያነበቡት። ቡጢያቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ድምፅ ሳያወጡ አለቀሱ። ከዚያ ተቆጡኝ። «ልጄ፣ ይህን ያህል ቀን ሰው ይታለላል? ነገ ስታውቅ የሣቀችውን ሣቅ ሁሉ ልትጠላው ነው!» አሉኝ።  ያ በር ላይ የሣቀችው ሣቅ እኔንም እንቅልፍ ነስቶኛል።

ሰው አዘጋጅቻለሁ። ቄሱ፣ እማማ፣ ሁለት መምህራን። አንተ በደረስክ ማግስት በንጋት ደጇ እንሰበሰባለን። ምንም ብትሆን ብቻህን አትነግራትም። ግን ቅዳሜ ከመንጋቱ በፊት ካልደረስክ ትወርዳለች። ላስቆማት አልችልም። ትናንት «አንተ የሆነ ነገር ታውቃለህ» አለችኝ። ዝም አልኩ። «ዝም ካልክ ታማለች ማለት ነው» አለች። ታማለች ማለት ነው አለች፣ እንድርያስ። ከዚያ ያለፈውን ልቧ አላሰበውም። ወይም አስቦ መልሶታል።

ካሣዬ


ቴፒ
ሐምሌ 21 ቀን 1992 ዓ.ም.

ካሣዬ፣

ተነስቻለሁ። ቴፒ ነኝ። ደብዳቤህን ሻይ ቤቱ ሰጡኝ።

ትናንት እንዳሰብኩት አልሆነም። ዝናቡ ሰባት ሰዓትን አልጠበቀም፤ በሦስት ሰዓት ወረደ። የቡና እርሻውን ቁልቁለት በጎርፍ ውስጥ ነው የወረድኩት። አዲሱ የፍሬን ጎማ በአሸዋውና በጭቃው ተበልቶ ቴፒ ሳልደርስ አለቀ። ከዚያ በኋላ በጫማዬ ሶል እያቆምኩ መጣሁ። ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። ሁለተኛው አወዳደቄ በዚያው ጉልበቴ ላይ ነው። ጠዋት ሲያብጥ አየሁትና ተመልሼ ተኛሁ። ልንገርህ አይደል፣ ሲያብጥ ሳየው ደስ አለኝ። ለአንድ አፍታ። አሁን ሰበብ አለኝ ብዬ። ከዚያ ያ ደስታዬ አስፈራኝ።

አንዷ የሻይ ቤቱ ሴት ዘይት አሽታ በጨርቅ አጠበቀችልኝ። «ወንድሜ፣ ከእግርህና ከብስክሌትህ የትኛው ነው የከፋው?» አለችኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር።

ይህን ደብዳቤ ተካ ይዞት አሁኑኑ ይነሳል፤ ነገ ማታ ይደርስልሃል። እኔ ነገ በአሥራ ሁለት ሰዓት። ከሰዓት በኋላ ወንዙ ላይ እሆናለሁ። ማናልሞሽ እስከዚያ ካልወጣች ያዝልኝ። በእግሯ ሥር ወድቀህም ቢሆን አንድ ቀን አስቆይልኝ። በወንዙ ማዶ፣ በመንገድ ላይ፣ ቆማ እንድትሰማው አልፈልግም። ቤት ውስጥ፣ ተቀምጣ፣ ሰው ይዟት ትስማ።

እንድርያስ


ኮቢቶ
ሐምሌ 23 ቀን 1992 ዓ.ም.

እንድርያስ፣

የት ነህ?

ተካ ትናንት ማታ ደረሰ። በላይኛው መልካ ነው የመጣው፤ ከማንም አልተገናኘም። ማናልሞሽ ሄዳለች። ሁለተኛዋ ሴት አርብ ማታ ነው የተገላገለችው። እህትህ እትብቱን ቆርጣ፣ እጇን ታጥባ፣ ቅዳሜ ወፍ ሳይንጫጫ ወጥታለች። ለእማማ ወለተሥላሴ የክሊኒኩን ቁልፍ በር ሥር አስገብታ ነው የሄደችው። ልከተላት ግማሽ መንገድ ድረስ ወረድኩ። ዝናቡ እጄን እንኳ አላሳየኝም። ከታች የወንዙ ድምፅ ይሰማል፤ እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። ተመለስኩ። ፈርቼ ተመለስኩ፤ አንተ የጻፍክልኝን ያህል እኔም እውነቱን ልጻፍልህ።

ዛሬ ንጋት ላይ ቄሱና ሰዎቹ እንደተባባልነው መጡ። ማንም አትምጡ አላላቸውም ነበር። በተዘጋ ቤት ደጅ በዝናብ ቆምን። እማማ ብቻ ናቸው የተናገሩት። «የቆምነው ለማን ነው?» አሉ።

ይህን ሚዛን ልኬዋለሁ። አንተን ካላገኘህ ያገኘው ሰው ያንብበው።

ካሣዬ


ሚዛን ተፈሪ
ነሐሴ 4 ቀን 1992 ዓ.ም.

ወንድሜ ካሣዬ፣

በሕይወት አለን። ሁለታችንም። ቀድሜ ይህን ልበልህ፤ መልስ ሳትሰማ ሁለት ሳምንት ስለቆየህ ይቅር በለኝ። ማናልሞሽ እዚህ ነው ያለችው። ቤቱ በሰው ሙሉ ነው። የሰሎሜ አርባ ካለፈ ዛሬ አራተኛ ቀን ነው።

ትጠይቀኛለህ፤ በምን አፍ ነገርካት፣ ምን አለች ብለህ። ልጽፈው የማልችለው መስሎኝ ነበር።

ወንዙ ጋ የደረስኩት በዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ከቀርከሃው ጫካ በኋላ ካቴናው ተበጥሶ ስለነበር ብስክሌቱን እየገፋሁ። ድልድዩ የለም፤ ውሃው በላዩ እየሄደ ነው። ማዶ ድንጋይ ላይ አንድ ሰው ተቀምጧል፤ ላስቲክ ተከናንቧል። ስታየኝ አላወቀችኝም። ከእግሬ እስከ ራሴ ቀይ ጭቃ ነበርኩ። ሁለት እርምጃ ስራመድ ግን በማነከሴ አወቀችኝ። ተነሳች። ሁለት እጇን አነሳች፤ ደስ ብሏት ነው ያነሳችው። አየሁት።

ከዚያ እጇ አየር ላይ ቆመ።

ጮኸች። አፏ ሲከፈት አያለሁ፣ የምሰማው ውሃውን ነው። እኔም ጮህኩ፤ ምን ብዬ እንደጮህኩ አላስታውስም፣ ስሟን ይመስለኛል። ጆሮዋን በእጇ ይዛ ራሷን ነቀነቀች፤ አይሰማም ለማለት። ከዚያ መዳፏን ወደ መሬት አድርጋ ከወገቧ ትንሽ ከፍ አድርጋ ዘረጋችው። የሰሎሜን ቁመት ያህል። ከዚያ በጣቷ እኔን አሳየች፣ ቀጥሎ ከኋላዬ መንገዱን። ገባኝ። አንተ እዚህ ነህ፤ እሷን ለማን ትተሃት መጣህ? ማለቷ ነው።

ካሣዬ፣ ስንት ጥያቄ ነው አዘጋጅቼ የነበረው። ስለ ሥሩ፣ ስለ ጭጋጉ። ቴፒ ተኝቼ ንግግሬን ቃል በቃል አጥንቼ ነበር። ይህን ግን አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩትም። የታመመች ልጅ ያለው ሰው ልጅቱን ትቶ ሁለት ቀን መንገድ እንደማይመጣ።

እጄን አላነሳሁም። ራሴን አልነቀነቅሁም። ቆምኩ ብቻ። እሷም እጇ እንደተዘረጋ ቆየች። ከዚያ እጇን ቀስ ብላ ወደ ራሷ መለሰችውና ተቀመጠች።

እስኪመሽ ተያይተን ተቀመጥን። አርባ ክንድ ውሃ በመካከላችን። እንባ አላየሁም፤ በዚያ ዝናብ እንባ አይታይም። ሲጨልም ጠፋችብኝ። ሲነጋ እዚያው ነበረች። ውሃው ጎድሎ ሐረጉ ሲወጣ በራሷ ተሻገረች። በአጠገቤ አለፈች። አልነካችኝም፣ አልሰደበችኝም። ከኋላዋ እየተከተልኩ ቴፒ፣ ከቴፒ እንደ ዕድል በተገኘ የጭነት መኪና ሚዛን። ብስክሌቱ ወንዙ ዳር ቀርቷል፤ ያገኘው ሰው ይጠቀምበት።

ለቀስተኛው «አረዷት» ይላል። ማንም አላረዳትም። እኔም እስከ ዛሬ በአፌ አላልኩትም።

ለሁሉም ሰው እግዚአብሔር ይስጥልኝ ትላለች። ለእኔ ግን አሥራ ሁለት ቀን አንድ ቃል አልወጣትም። ዛሬ ጠዋት ሰው ጋብ ሲል ከውስጥ ክፍል «እንድሩ» ብላ ጠራችኝ። በሩ ላይ ቆምኩ። ልጅቱ የተኛችበት አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች።

«ተቀመጥ» አለችኝ። «ከእሑድ ጀምረህ ንገረኝ።»

ለካሣዬ አንድ ደብዳቤ ልጨርስና እመጣለሁ አልኳት። «ጨርስ፣ እጠብቃለሁ» አለች።

ሌላ የምጽፈው ነገር እየፈለግሁ ነው። የለኝም።

ልገባ ነው።

እንድርያስ